ከገጽ አርባ ሰባት እስከ ሃምሳ

«የረሳው እሱ፣ የተባረረችው ልጅቷ» አለች ሚስቱ በስልክ። ወጥ ቤት ውስጥ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል አጣብቃ ሽንኩርት ትልጣለች። እሱ የጠፋውን አንድ ካልሲ ፍለጋ እንደወጣ፣ አንድ እግሩ ካልሲ ለብሶ ሌላው ባዶውን፣ ኮሪደሩ ላይ ባለበት ቆመ። ጆሮ መጣል አመሉ አይደለም ማለት አይቻልም፤ ደራሲ ነውና ሠላሳ ዓመት ሙሉ የኖረው ከሰው አፍ እየለቀመ ነው። የዛሬው ግን የሚለቀም አልነበረም። «አራት ገጽ እኮ ነው የዘለለው፣ እህቴ። አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ፣ ተውኔቱን ከእነ ነጠላ ሰረዙ በቃሌ አውቀዋለሁ። ልጅቷ ምስኪን እሱ ያልተናገረውን ስትጠብቅ አፏን ከፍታ ቀረች። እሱ ደግሞ ቤት መጥቶ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ‹ቃሏን የምትረሳ ተዋናይት አልፈልግም› ብሎ ደብዳቤ ጻፈባት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሳምንት መድረክ አላስረገጧትም፣ ነገ ጠዋት ደግሞ የስንብት ወረቀቷን ይፈርሙባታል አሉ።» የእህቷን ምላሽ አዳመጠች። «ንገሪው ማለት ቀላል ነው። ምን ብዬ ልንገረው?»

ሰፈሩም ቴአትር ቤቱም «ሁለገቡ» ይለዋል። አንድ ጋዜጣ «ሁለገብ የመድረክ ሰው» ብሎ ከጻፈ ወዲህ የተለጠፈበት ነው፤ መጀመሪያ በክብር ነበር፣ በኋላ ባለሱቁም ሻይ ቅጠል ሲያቀብለው «እንካ ሁለገቡ» ማለት ጀመረ። ይጽፋል፣ ያዘጋጃል፣ ይተውናል። የመብራት ሠራተኛው የታመመ ሰሞን ዳኛ ሆኖ ፍርድ ሰጥቶ፣ ከመድረክ እንደወጣ ሮጦ መብራቱን ራሱ አጥፍቷል። ጄኔራል ሆኗል፣ ሰካራም ሆኗል፤ አንድ ዓመት ደግሞ ለሚናው የምትሆን ሴት ጠፍታ አሮጊት ሆኖ ስድስት ወር ተጫውቶ፣ እውነተኛ አሮጊቶች መልበሻ ክፍሉ ድረስ መጥተው ስለ ጉልበት ሕመም አማክረውታል። ሚስቱ አንድም ቀን መድረክ አልወጣችም፤ ከሱ ጋር ያልተጫወተችው ሚና ግን የለም። እሱ ቃሉን ሲያጠና ጽሑፉን ከስኳር ጣሳው ጋር አስደግፋ፣ በአንድ እጇ እያማሰለች፣ ከሱ ሌላ ያለውን ሰው ሁሉ ሆና ታነብለታለች። ሟችም ገዳይም ሆናለች። አንዴ ሩዝ አሮባት የተቆጣችውን ቁጣ ወስዶ ሦስተኛው ትዕይንት ውስጥ ከትቶታል። ስለዚህ እሷ ረሳ ካለች ረሳ ነው። 

ሲገባ ስልኩ ተዘጋ። «ማን ነበር?» አላት። «እህቴ።» «ምን አለች?» «ሽንኩርት መቶ ሃምሳ ገባ እያለች ነው። እነሱ ሰፈር ግን መቶ አርባም ይገኛል አሉ» አለችና ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። ሻይ ቀዳችለት። ዳቦውን እንደሚወደው ቀጭን አድርጋ ቆረጠችለት። እሱ ኮሪደሩ ላይ ሆኜ ሰምቼሻለሁ ሊላት ሁለት ጊዜ አፉን ከፍቶ ሁለቱንም ጊዜ ዳቦ ጎረሰበት። እሷም አንድ ነገር ልትል ማንኪያውን አስቀመጠች፣ አየችው፣ መልሳ አነሳችው። እንዲህ ሆነው ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ፤ ሠላሳ ዓመት የሰው ንግግር ሲለማመዱ የኖሩ ባልና ሚስት የራሳቸው ሲሆን አንድ መስመር አጡ። ሊወጣ ሲነሳ የጠፋውን ካልሲ ከደረቀው ልብስ መሃል አውጥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ሰኞ ቀን ትርኢት የለም፣ የት ትሄዳለህ ብላ አልጠየቀችውም።

አውቶቡሱ ውስጥ የመስኮት ወንበር አግኝቶ ገጽ አርባ ሰባትን ፈለገው። የቴአትሩን ታሪክ ያውቀዋል፤ ሊጠፋበት አይችልም፣ የራሱ ድርሰት ነው። አንድ አባት ሴት ልጁን ከቤት ያባርራል፤ ለጎረቤቱ ሁሉ ጥላኝ ሄደች ይላል፤ ከዓመታት በኋላ የተከራየችበት ቤት በር ድረስ ሄዶ ያንኳኳል። ማንኳኳቱን ያስታውሳል፣ ሦስት ጊዜ ነው። ልጅቷ በሩን ስትከፍት በቀኝ በኩል የሚወድቅባትን መብራት ያስታውሳል። ከዚያ ቀጥሎ ትዝ የሚለው ጭብጨባው ነው። መሃሉ አዲስ የተቀባ ግድግዳ ይመስል ነጭ ነው። ከማንኳኳቱ ተነስቶ ደግሞ ሞከረው፣ ከጭብጨባውም ተነስቶ ወደ ኋላ ሞከረው። አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ፊቱን ሲያጠና ቆይቶ «ያ ሰካራሙ እርስዎ አይደሉም? እስቲ ያችን ነገር አንዴ ይበሉልኝ» አለው። ሰካራሙን የተጫወተው ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ነው። አንድም ቃል ሳትጎድል፣ ከእነ ስቅታው፣ ወለል ብሎ መጣለት። ሰውየው ሆዱን ይዞ ሳቀ። እሱ በመስኮቱ በኩል ዞሮ ከንፈሩን ነከሰ።

ቴአትር ቤቱ ባዶ ሲሆን የሚሸተው አቧራና አሮጌ ሜካፕ ነው። የመድረክ መሪዋ መጋረጃ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍሏ፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ የጄኔራሉን ኮት ቁልፍ ትተክላለች። ሃያ ዓመት አብራው ሠርታለች። በየትርኢቱ ከመጋረጃው ጎን ቆማ ጽሑፉን በጣቷ እየተከተለች ቃል ለጠፋበት ተዋናይ በሹክሹክታ ታቀብላለች። በዚህም ሥራ ውስጥ አንድ ያልተጻፈ ደንብ አለ፤ ሌላው ተዋናይ የሳተውን በቀይ እስክሪብቶ ስሕተት ብላ ትመዘግበዋለች፣ እሱ የሳተውን ግን በእርሳስ ታስተካክለዋለች። ደራሲው ነው፣ አዘጋጁም ነው፤ እሱ መድረክ ላይ የተናገረው ቃል ትክክለኛው ቃል ነው፣ ያልተናገረው ደግሞ ተሰርዟል። ለሱ ሹክ ብላለት አታውቅም፣ ድፍረት ይሆንባታል።

«ጽሑፉን አምጪልኝ» አላት። ካርቶን የለበሰውን ጥራዝ ሰጠችው፣ ቆሞ ገለጠው። እርሳስ ያልነካው ገጽ አልነበረም። እዚህ አንድ ዐረፍተ ነገር፣ እዚያ ግማሽ አንቀጽ፣ በማስመሪያ ቀጥ ተደርጎ ተሰርዞ በዳሩ ቀኑ ተጽፎበታል። ሁለት ሰዓት ከሩብ የነበረው ቴአትር አንድ ሰዓት ከአርባ ገብቷል፤ ያ ጋዜጣም «ብስለት ያመጣው ቁጥብነት» ብሎ አድንቆለታል። ከገጽ አርባ ሰባት እስከ ሃምሳ ከጥግ እስከ ጥግ አንድ ትልቅ መስቀለኛ መስመር ተሰምሮበታል። «ይሄን ያሳጠሩት የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው» አለች የመድረክ መሪዋ መርፌዋን ሳታቆም። «እርስዎ እንዳንኳኩ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ሄዱ። እኔ ወዲያው ገባኝና ሰረዝኩት። ልጅቷ ናት ቀድሞ ሳይነገራት ድንገት ቢሆንባት ጊዜ መከተል ያቃታት። ቅር አይበልዎትና ጋሼ፣ ሊነግሯት ይገባ ነበር።» ከመስመሩ ሥር ያለውን አነበበ። አባትየው በሩ ላይ ቆሞ «የመጣሁት እንድታስገቢኝ አይደለም፣ ልጄ። በሩን የዘጋሁብሽ እኔ መሆኔን ከራሴ አፍ እንድትሰሚው ነው» ይላል። እያለ ይሄዳል፣ ሦስት ገጽ ተኩል። መጨረሻው ላይ ልጅቷ በቴአትሩ ውስጥ ያላት ትልቁ ንግግር አለ፣ አንድ መስመር ብቻ፦ «ይቀመጡ። ይቅር አላልኩም፤ ግን ቆመው አያምርብዎትም።» ስድስት መቶ ሰው ፊት አፏ ውስጥ ይዛው የቀረችው ይሄን ነው። እሱ አነበበው፣ ጥሩ ነው አለ በልቡ። ጥሩ ነው እንጂ የኔ ነው የሚል ነገር ከየትም አልመጣለትም፣ ሌላ ሰው የጻፈውን እንደሚያነብ ነበር። ያኔ ነው ክው ያለው። «አላሳጠርኩትም፣ ረስቼው ነው» አላት። እሷ ቀና ብላ አየችውና ፈገግ አለች። «እርስዎ የጻፉትን እርስዎ ይረሱታል እንዴ፣ ጋሼ?» አለችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

የሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሁለተኛ ፎቅ ነው። ደረጃውን ሲወጣ ምን እንደሚያጣ አንድ በአንድ ታየው። ረሳሁ ያለ ተዋናይ መድረክ አይሰጠውም፣ የረሳ አዘጋጅ የሚሰማው የለም፣ ደራሲውም ቢሆን ከዚህ በኋላ የሚጽፈውን ማን ያምነዋል። ሦስቱም በአንድ ጠዋት ሊሄዱ ነው። ሌላ ሙያ አያውቅም። ጡረታው ለቤት ኪራይና ለመድኃኒት ይበቃ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ግን በምን ይሞላል? አንድ ወንበር፣ አንድ መስኮት፣ ሽንኩርት ስንት ገባ የምትል ሚስት። ፈራ። ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ ሊመለስም ዳድቶት ነበር። ግን የልጅቷ የተከፈተ አፍ ታየው፤ መብራቱ በቀኝ በኩል ወድቆባት፣ ዓይኗ «ይበሉ እንጂ» እያለው። ያኔ ከመቆጣቱ በቀር ምንም አልታየውም ነበር።

ገብቶ ሳይቀመጥ ነገረው። ሥራ አስኪያጁ ገና አርባ ያልሞላው፣ ጠረጴዛውን ንጹሕ አድርጎ የሚይዝ ሰው ነው። «የልጅቷን ደብዳቤ እንዳትፈርም። የረሳሁት እኔ ነኝ። አእምሮዬ ከከዳኝ ወራት ሳይሆነው አይቀርም። ሁላችሁም ማሳጠር ትሉታላችሁ እንጂ መርሳት ነው» አለ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሥራ አስኪያጁ አፉን ይዞ አዳመጠው። ሲጨርስ ወንበሩ ላይ ተለጥጦ ሳቀ፤ በክፋት አይደለም፣ ዓይኑንም ጠረግ አደረገ። «ጋሼ፣ ይግደሉኝ፣ ላምንዎት ነበር እኮ! ለአንዲት ጀማሪ ብለው እንዲህ ራስዎን ሲያዋርዱ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ በእርስዎ ስታለል ነው ያደግኩት፣ ዛሬ ግን አልታለልም።» መሳቢያውን ሳበና የእጅ ጽሑፉን አወጣለት። «ይኸው የእርስዎ ደብዳቤ። ነጥብ ሳይጎድለው ምን የመሰለ ጽሑፍ! አእምሮው የከዳው ሰው እንዲህ ይጽፋል? ደግሞ ቅዳሜ አዳራሹ ሙሉ ተሽጧል። ልጅቷ ካሳዘነችዎት ሌላ ቦታ እንፈልግላታለን። እስከ ነገ ጠዋት ሐሳብዎን ካልለወጡ ሌላ ማስረጃ ይዘው ይምጡ እንጂ በእንባ አልሸነፍም» ብሎ እስከ በሩ ሸኘው። ኮሪደሩ ላይ ብቻውን ሲቀር እፎይ አለ። ልቡ ቀለለው፣ በቃ፣ ተናግሯል፣ አላመኑትም፣ የሱ ጥፋት አይደለም። ሦስት እርምጃ እንኳ ሳይሄድ በእፎይታው አፈረ። ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ በሕይወቱ እንደዚህ ያለ ሃፍረት ተሰምቶት እንደሆነ አሰበ፣ አላስታወሰም።

አድራሻዋን የመድረክ መሪዋ በቁራጭ ወረቀት ጻፈችለት። ሁለት ታክሲ ይዞ፣ በእግሩ ጥቂት ሄዶ፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ በየደረጃው እያረፈ ወጣ። ደረጃው ላይ ልብስ ተሰጥቷል፣ በየበሩ ጫማ ተደርድሯል፣ አንዱ ቤት ሕፃን ያለቅሳል። የሚላትን እየደጋገመ ነበር፦ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ለሥራ አስኪያጁ ነግሬዋለሁ፣ እሱ ነው ያላመነኝ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ «እሱ ነው ያላመነኝ» የሚለውን ሰበብ ስለመሰለው ተወው። አራተኛው ላይ ሲደርስ ትንፋሹ አጥሮ የቀረውም ጠፋበት። ሦስት ጊዜ አንኳኳ።

የዳቦ ቤት ሽርጥ እንዳደረገች ከፈተችለት፣ እጅጌዋ ላይ ዱቄት አለ። ከሁለት ሳምንት ወዲህ የያዘችው ሥራ ነው፣ ግማሽ ቀን። ስታየው ፊቷ ጠቆረ። ከኋላዋ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ በስካች የተለጠፈ የቴአትሩ ፖስተር ይታያል፤ እሱ ትልቅ ሆኖ፣ እሷ በትከሻው በኩል ትንሽዬ ፊት ሆና። «ምን ቀረኝ ብለው ነው የመጡት፣ ጋሼ?» አለችው። በሩን ግማሹን ይዛዋለች።  በቀኝ በኩል ካለው መስኮት የወደቀባትን ብርሃን አየ። ከዚያ አፉ በራሱ ተከፈተና ቃሉ መጣ፣ ሳይደናቀፍ፣ ከሆዱ፣ ወራት ሙሉ ባልወጣለት ድምፅ።

«የመጣሁት እንድታስገቢኝ አይደለም፣ ልጄ። በሩን የዘጋሁብሽ እኔ መሆኔን ከራሴ አፍ እንድትሰሚው ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ጥላኝ ሄደች አልኩ። ለእናትሽም እንደዚያው አልኳት። ስደጋግመው ጊዜ እኔም አመንኩት። አሁን ግን በየቤቱ በር ሲዘጋ በሰማሁ ቁጥር እጄ ይታየኛል። የማን እጅ ነው ብዬ ብከራከርም የኔው ነው…»

ልጅቷ መጀመሪያ የሚቀልድባት መስሏት ቅንድቧን ሰበሰበች። ሊያላግጥባት መጥቶ እንደሆነ ፊቱን አጠናችው፣ ከግንባሩ እስከ አገጩ። እንባው በአፍንጫው በኩል ይወርዳል፤ መድረክ ላይ አፍንጫውን የሚያዝረከርክ ሰው አይደለም። ጣቶቹ የኮቱን ጫፍ ጨምድደዋል። ለሷ ነው የሚያወራው። በሙሉ ልቡ ይቅርታ እየጠየቃት ነው፤ እየተናገረ ያለው ደግሞ ገጽ አርባ ሰባትን ነው፣ ቀጥሎ አርባ ስምንትን፣ ቀጥሎ አርባ ዘጠኝን፣ አንድም ቃል ሳይጎድል። ይህን እሱ እንደማያውቅ ሲገባት እጇ ከበሩ ላይ ወረደ። ጎረቤት አንዲት ሴት በር ከፍታ ብቅ አለችና ቆመች። እሱ አላያትም። ገጽ ሃምሳ ላይ ደርሶ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ። ኮሪደሩ ጸጥ አለ፣ ሕፃኑም ዝም ብሏል። 

«ይቀመጡ» አለችው። «ይቅር አላልኩም፤ ግን ቆመው አያምርብዎትም።»

ገብቶ ያለችው አንድ ወንበር ላይ ተቀመጠ። መሐረቡን አውጥቶ ፊቱን ጠረገና ቀና ሲል ሌላ ሰው ሆኗል፤ ዓይኑ ያበራል፣ በልምምድ ሰዓት እንደሚያበራው። «በጣም ጥሩ ነው» አላት። «ከ‹ይቀመጡ› በኋላ የወሰድሽው ትንፋሽ፣ እሱን እንዳትተዪው። እጅሽ ብቻ ትንሽ ቶሎ ወረደ። በሩን ያዝ አድርገሽ ቆዪ፣ ተመልካቹ ትዘጋበት ይሆን ብሎ ይፍራ።» እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች። «እሺ፣ ጋሼ» አለች። «ነገ በሁለት ሰዓት እንዳትዘገዪ።» «አልዘገይም።» ውሃ ሰጠችው፣ ጠጣ። ሽርጧን አውልቃ እጁን ይዛ ደረጃውን አወረደችው፣ ታክሲ ውስጥ አስገባችውና ለሾፌሩ የት እንደሚያወርደው ሁለት ጊዜ ነገረችው። ታክሲው ሲሄድ ዱቄት ያለበትን እጇን አንስታ ቆማ ነበር። እሱ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ «ጎበዝ!» አላት።

ቤት ሲደርስ ገና አሥራ አንድ ሰዓት አልሆነም። ሚስቱ ከጠዋቱ ቦታዋ ላይ ናት፣ የእራት ካሮት ትከትፋለች። «የት ዋልክ?» «ልምምድ ነበረን።» ሰኞ መሆኑን ታውቃለች። ጫማውን አውልቆ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ከብዙ ጊዜ ወዲህ ያላየችበት ደስታ ፊቱ ላይ እየተነበበ አወራት። ልጅቷ ምን የመሰለች ተዋናይት እንደሆነች፣ ዝምታ እንዴት እንደምትጠብቅ፣ እንዲህ ያለች በአሥር ዓመት አንዴም እንደማትገኝ። «ዳቦ ቤት ነው አሉ የምትሠራው። አስቢው እስቲ፣ ሽርጥ አድርጋ!» ፊቱ ድንገት ኮስተር አለ። «ቆይ፣ ከቴአትር ቤቱ ማነው ያባረራት?»

ቢላዋው ቆመ። ሚስቱ ቶሎ ዞራ አላየችውም። ካሮቱን ወደ ሣህኑ አንሸራተተች፣ እጇን ታጠበች፣ በፎጣ እያንዳንዱን ጣት አደረቀች። «እኔ እንጃ» አለች በመጨረሻ። «ግፍ ነው። እንዴት ዝም ይባላል?» «ዝም አትበላ። ጻፍላቸው።» ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥታ ጠረጴዛውን ጠርጋ አስቀመጠችለት። ከሁለት ሳምንት በፊት የጻፈበት ጠረጴዛ ነው፣ ያው ወንበር፣ ያው እስክሪብቶ። ቶሎ ጻፈ። ሲጨርስ «አንብብልኝ» አለችው፣ በዚያ ሁሉም በሚያውቀው ድምፁ አነበበላት። «ጉዳዩ፦ ያለ አግባብ የተባረረችን ተዋናይት ይመለከታል። ይህችን ልጅ ማን እንዳባረራት ለማወቅ አልቻልኩም። ማንም ይሁን ማን ግን መድረክ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት። በአስቸኳይ ወደ ሥራዋ እንድትመለስ እጠይቃለሁ።» «ምን ይመስልሻል? ጠንከር አላለም?» «ደህና ነው። ፈርምበት።» ፈረመ፣ ያችን ትልቋን ፊርማውን። «ቀኑንም ጻፍበት» አለችው። «ዛሬ ስንት ነው?» ነገረችው። ጻፈ።

በዚህ ቤት የሱ ወረቀት ሁሉ የሚገባው የቁም ሳጥኑ ሁለተኛ መሳቢያ ውስጥ ነው። ይሄኛውን እሷ ለአራት አጥፋ የራሷ ቦርሳ ውስጥ ከተተችውና ዚፑን ዘጋችው። ነገ ጠዋት ሁለቱ ደብዳቤዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልጅቷ ትመለሳለች፣ እሱ ደግሞ ሁለተኛ ወደ መድረክ አይመለስም። ያንን ስታስብ የቦርሳውን ማንገቻ እንደያዘች ለአፍታ ቁም ሳጥኑን ተደገፈች። እሱ ወንበሩ ላይ ሆኖ ካልሲዎቹን አንድ ላይ እየጠቀለለ ነበር።

«ስሚ፣ ለቅዳሜ ያችን የመድረክ ሸሚዜን ተኩሽልኝ» አላት። «አንገትጌዋ ላይ በደንብ።»

«እሺ» አለችና ካውያውን ሰካች።